የጃፓን ወይን ጠጅ በሕግና በመደርደሪያ ላይ

በአማርኛ «የጃፓን ወይን» ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሳኬ ነው። ይሁንና ሳኬ ከሩዝ የሚጠመቅ በመሆኑ በአሠራሩ ከወይን ጠጅ ይልቅ ለጠላ ይቀርባል፤ በጠላ ብቅል የሚያከናውነውን ስታርችን ወደ ስኳር የመለወጥ ተግባር በሳኬ የሚፈጽመው ኮጂ የተባለው ሻጋታ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከወይን ፍሬ የሚሠራውን መጠጥ ሲሆን፣ የሚያነሣውም ጥያቄ ጃፓናዊው ሸማች የአገሩን ወይን ጠጅ በምን ይለየዋል የሚል ነው።

ምርቱ በኩባንያ ደረጃ የተጀመረው በያማናሺ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ካትሱኑማ ላይ የተቋቋመው ኩባንያ ሁለት ወጣቶችን ሙያውን እንዲማሩ ወደ ፈረንሳይ ላከ። ኮሹ የተባለው ሐምራዊ ቀለም የሚነካው ወይን እስከ ዛሬ የአካባቢው መታወቂያ ነው። በጋው ዝናባማና እርጥብ ስለሆነ ሐረጉ በዳስ ላይ ይዘረጋል፤ በአንዳንድ እርሻዎችም እያንዳንዱ ዘለላ ከዝናብ እንዲጠለል የወረቀት ቆብ ይደረግለታል። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ዋጋውን ያንረዋል። ከውጭ የሚገባውና ውሃው ተቀንሶ የወፈረው ጭማቂ ግን ርካሽ ነው። ከዚህ ጭማቂ ጃፓን ውስጥ የተሠራው ወይን ጠጅ ለረጅም ጊዜ «የአገር ውስጥ ምርት» እየተባለ ከገበሬው ምርት ጎን ሲሸጥ ኖሯል።

የብሔራዊ ግብር ኤጀንሲ በ2015 ያወጣውና ከጥቅምት 30 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት የመለያ ደንብ ይህንን ለየ። «ኒሆን ዋይን» ተብሎ ሊጻፍ የሚችለው በጃፓን ከበቀለ ወይን ብቻ በጃፓን የተሠራው ነው። የቦታ ስም ለመጠቀም ከፍሬው ቢያንስ 85 በመቶ ከዚያው ቦታ መሰብሰብ፣ መጠጡም እዚያው መጠመቅ አለበት። ከሌላ ግዛት ፍሬ እያስመጣ ቶኪዮ ውስጥ የሚጠምቅ አምራች የቶኪዮን ስም ቢጠቅስ፣ ፍሬው የቶኪዮ አለመሆኑን አብሮ መጻፍ ይኖርበታል። ከውጭ ጭማቂ የሚሠራውም ይህንኑ በጠርሙሱ ፊት ለፊት ማሳወቅ ግዴታው ነው።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ቸርቻሪው ከግብር መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያወጣል፤ ገዢው 20 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የአካለ መጠን ዕድሜ በ2022 ወደ 18 ቢወርድም ይህ አልተለወጠም። ፈቃድን ከሕዝብ ብዛት ጋር ያያይዝ የነበረው መስፈርት በ2003 ከተነሣ ወዲህ መጠጥ በሱፐርማርኬትና ቀን ከሌት በሚሠሩ ትናንሽ ሱቆችም በቀላሉ ይገኛል። ሆኖም በእነዚህ መደርደሪያዎች ላይ በርካሽ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ጭማቂ የተሠራው ነው። እውነተኛውን ኒሆን ዋይን በብዛት የሚያገኘው ወደ ሳካያ (የመጠጥ መደብር)፣ ወደ ትላልቅ መደብሮች ምድር ቤት ወይም ወደ አምራቹ ዘንድ የሚሄድ ሰው ነው። ካትሱኑማ በሚገኘው ቡዶ ኖ ኦካ ደግሞ ጎብኚው የመቅመሻ ጽዋ ገዝቶ የአካባቢውን ምርቶች በምድር ቤት ያወዳድራል።

ደንቡ ለወይን ገበሬው ጠቅሟል፤ ጉድለቱ የቃል ነው። ከውጭ ጭማቂ የሚሠራው አሁንም «በአገር ውስጥ የተሠራ ወይን ጠጅ» በሚለው ምድብ ውስጥ ስለሚገባ፣ ልዩነቱን ያልተማረ ሸማች ሁለቱን ስሞች እንደ አንድ ሊያነባቸው ይችላል።