ኩዊን በዌምብሊ፦ የ77ቱ ሃያ አንድ ደቂቃ

የኩዊን አድናቂዎች ወግ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በአንድ ቀን ላይ ነው፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985። እንግሊዛዊው የሮክ ባንድ ያን ዕለት በለንደኑ ዌምብሊ ስታዲየም፣ ላይቭ ኤይድ በተባለው ኮንሰርት ላይ 21 ደቂቃ ያህል ተጫወተ። በስታዲየሙ የነበረው ሕዝብ 72 ሺህ ገደማ ነው፤ በሳተላይት የተከታተለው ግን ከአንድ ቢሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። አብዛኛው ሰው «አይቻለሁ» ሲል በቴሌቪዥን አይቻለሁ ማለቱ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ያን ዓመት በድርቁና ባስከተለው ረሃብ እናውቀዋለን። ኮንሰርቱ የተጠራው ለዚያ ረሃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ስለነበር፣ የአድናቂዎቹን ትዝታ ከእኛው ትዝታ ነጥሎ ማስረዳት አይቻልም።

የነገሩ መነሻም ቴሌቪዥን ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ስለ ረሃቡ ከኮረም የተላከ ዘገባ አስተላለፈ። ዘጋቢው ማይክል በርክ ነበር፤ ካሜራውን የያዘው ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ በ1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሕይወቱን ያጣው ሰው። ዘገባውን ያየው አየርላንዳዊው ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍ መጀመሪያ ከሚጅ ዩር ጋር የእርዳታ ዘፈን አስቀረጸ፤ ቀጥሎም በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን የሚካሄድ ኮንሰርት አሰናዳ። ኩዊን በዚያው ሰሞን በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ፣ ሰን ሲቲ ሄዶ በመጫወቱ ክፉኛ ይወቀስ ነበር። ወቀሳው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ወደ ዌምብሊ የመጣው እንግዲህ ስሙ በጎደፈበት ወቅት ነው።

ታዲያ በዚያ ቀን ብዙ ዝነኞች ሲጫወቱ የኩዊን ለምን በለጠ? አንደኛው ምክንያት ዝግጅት ነው። ባንዱ ለንደን በሚገኘው ሾው ቲያትር ውስጥ ደቂቃ እየቆጠረ ተለማመደ። አዲስ ዘፈን ለማስተዋወቅ አልሞከረም፤ ሁሉም የሚያውቃቸውን መርጦ አሳጠራቸው። ስድስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጀውን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» መግቢያውን ብቻ ተጫውቶ በጊታሩ ላይ ቆረጠውና በቀጥታ ወደ «ሬዲዮ ጋ ጋ» ተሻገረ።

እዚህ ላይ ካሜራው የሚያሳየውን በደንብ ማየት ይገባል። በለንደን ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ነው፤ የሐምሌ ጀምበር ግን ገና አልጠለቀችም። ኩዊን የሚታወቅበት የመብራት ትርዒት በዚያ ብርሃን ምንም አይፈይድም። ፒያኖው ላይ የፔፕሲ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። የባንዱ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ ነጭ ካናቴራና ጂንስ ለብሷል፤ ከፒያኖው ሲነሳ የሚይዘው እግር የሌለው የማይክሮፎን ዘንግ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ያው የቀን ብርሃን ሕዝቡን ገለጠው። «ሬዲዮ ጋ ጋ» አዝማቹ ላይ ሲደርስ እስከ ስታዲየሙ ጥግ ያለው ሰው እጁን ሽቅብ አንስቶ ሁለት ሁለቴ ያጨበጭባል። ጭብጨባውን ያስተማረው የዘፈኑ የቪዲዮ ክሊፕ ነው፤ ቴሌቪዥን ያስለመደውን ሕዝቡ መልሶ ለቴሌቪዥን አሳየው። ከዚያ ፍሬዲ ያለ ሙዚቃ በድምፁ ብቻ «ኤ-ኦ» ይላል፤ ሕዝቡ ይመልሳል። ያረዝመዋል፣ ይጠመዝዘዋል፤ እንደዚያው ይመልሱለታል። ሰርግ ቤት አውጪና ተቀባይ ሲግባቡ ያየ ሰው እዚያ ላይ የሆነውን ለመረዳት አይቸገርም። አድናቂዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱትም ይህንኑ ነው፤ እኔም ከጠቅላላው 21 ደቂቃ ይህን አስበልጣለሁ።

በትዝታው ላይ ኋላ የተጨመረም አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ፊልም ባንዱ ተለያይቶ ለዌምብሊ ሲል እንደታረቀ፣ ፍሬዲም በሽታውን አውቆ መድረክ እንደወጣ አድርጎ ያሳያል። እውነቱ ሌላ ነው። ኩዊን በ1985 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ ብራዚል ውስጥ ሮክ ኢን ሪዮ ላይ ተጫውቷል፤ በሜይም ጃፓን ነበር። ፍሬዲ ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ያወቀውም ከኮንሰርቱ በኋላ እንደሆነ የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ይናገራሉ። ፊልሙ ግን በብዙዎች ልብ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬዲ በ1991 እ.ኤ.አ. በ45 ዓመቱ ማረፉን የሚያውቅ አድናቂ፣ ያንን ጤነኛ ሰው ሲሮጥ ሲያይ መጨረሻውን እያሰበ ነው የሚያየው።

ብዙ ጊዜ ከትዝታው የሚቀረው ተከትሎ የመጣው ነው። ከኩዊን ቀጥሎ በዌምብሊ መድረክ የወጣው ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ ጊዜውን ለአንድ ፊልም ሰጠ፤ የካናዳው ሲቢሲ ስለ ረሃቡ የቀረጸውን ምስል። ያ ጨዋታና ያ ምስል የተላለፉት በአንድ ምሽት፣ በአንድ ስርጭት ነው። በምስሉ ውስጥ ለሞት የተቃረበች ሕፃን ትታያለች፤ ብርሃን ወልዱ ናት። ተርፋ፣ አድጋ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በ2005 እ.ኤ.አ. ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በላይቭ 8 መድረክ ላይ ከማዶና ጎን ቆማለች።

ቀረጻውን ፈልጎ ማየት ለሚሻ ሰው ምክሬ ኩዊን ከመድረክ ሲወርድ እንዳያቆም ነው። የቦዊ ምርጫ ያስከተለውን ፊልም ይመልከት። ከዚያም ወደ መገባደጃው ይለፍ፤ ፍሬዲና ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ሁለቱ ብቻ ተመልሰው «ኢዝ ዚስ ዘ ወርልድ ዊ ክሪኤትድ» የተባለውን ዘፈን በአንድ ጊታር ይጫወታሉ። ዘፈኑ ስለ ረሃብና ድህነት ነው፤ የወጣውም ከኮረሙ ዘገባ ወራት ቀደም ብሎ ነበር።