ሴቶቹ አንብበው ዝም የሚሉበት የቼዝ ግሩፕ

ጥያቄ፦ በቴሌግራም የቼዝ ግሩፓችን ውስጥ ሴቶች አሉ፤ ግን ይከታተላሉ እንጂ አይጽፉም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ የቆዩ መልእክቶቻችሁን ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንብቡ። አንዲት ልጅ ስለ ሲሲሊያን መክፈቻ ስትጠይቅ ሦስት ሰው ቀልዶባት፣ አራተኛው በኢንቦክስ «ቆንጆ፣ ላስተምርሽ» ብሏት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ለምን ትጠይቅ? እንዲህ የሚያስቸግረውን አስወጡት። ጎበዝ ተጫዋች ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም ጎበዙ ነው።

የሳምንቱን እንቆቅልሽ ሴቶችም በተራ ይምረጡ። ከአስተዳዳሪዎቹ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ አንዷ ብቻዋን ስትሆን ስለ ሴት ሁሉ እሷው ትጠየቃለች። ለሴቶች ብቻ የሚሆን ውድድር ለጀማሪ ጥሩ መግቢያ ነው፤ አጥር ግን አይሁን። የቼዝ ተጫዋቿ ዩዲት ፖልጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ካስፓሮቭን ያሸነፈችው ከወንዶች ጋር ተሰልፋ ነው።