ከብዙ የእጅ መሣሪያዎች የመጣውን የገበሬዎች መዝገብ ወደ አንድ ስለ ማዋሐድ

የገበሬውን ስም፥ የማሳውን ስፋትና የሚሻውን የማዳበሪያ መጠን ቀድሞ በወረቀት ይጽፉ የነበሩ የግብርና ልማት ሠራተኞች ዛሬ በአንዳንድ ወረዳ ይህንኑ በታብሌት ወይም በእጅ ስልክ ይጽፉታል። ኔትዎርክ በሌለበት ቀበሌ መዝገቡ በየመሣሪያው ውስጥ ይቈያል፤ ሠራተኞቹም ወደ ወረዳ ሲመለሱ አምስት ሰዎች አምስት መዝገብ ይዘው ይገባሉ፤ ወደ ዞን የሚላከው ግን አንድ ነው። ይህን የማዋሐድ ሥራ አንዳንድ ሹማምንት የጸሐፊ ጉዳይ ነው ብለው ይተዉታል። ነገር ግን አንድ ገበሬ ሁለት ጊዜ የተቈጠረ እንደ ሆነ ለሌላው የሚገባው ማዳበሪያ ለእርሱ ይጻፋል፤ ሁለት ገበሬዎችም እንደ አንድ የተቈጠሩ እንደ ሆነ አንደኛው በዘር ወራት ባዶ እጁን ይቀራል።

የመጀመሪያው ችግር ከቍጥር ይመጣል። መሣሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ከ1 ጀምረው የሚቈጥሩ እንደ ሆነ፥ በአንዱ 27ኛ የሆነውና በሌላው 27ኛ የሆነው ገበሬ የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ቍጥራቸው አንድ ነው፤ መዝገቦቹም በዚህ ቍጥር ብቻ ቢዋሐዱ አንዱ በሌላው ላይ ተጽፎ ይጠፋል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ለገበያ የወጣው ፓይለት የተባለው የኪስ መሣሪያ ለየመዝገቡ መለያ ቍጥር ይሰጥ ነበር፤ ቍጥሩ ግን በአንድ ባለቤት መሣሪያ ውስጥ እንዲያገለግል የታሰበ ነበርና የብዙ ሰዎችን መዝገብ ለማዋሐድ አይበቃም ነበር። መድኀኒቱ ሠራተኞቹ ወደ መስክ ሳይወጡ የሚዘጋጅ ነው፤ ይኸውም የቀበሌው፥ የመሣሪያውና የተራው ቍጥር ተያይዘው አንድ መለያ እንዲሆኑ ማዘዝ ነው። በ07 ቀበሌ በ3ኛው መሣሪያ የተጻፈው 27ኛ ገበሬ 07-03-0027 ይባላል፤ ይህም በወረዳው ውስጥ ከሌላ ጋራ አይጋጭም።

ይሁን እንጂ ይህ መለያ መዝገብን ከመዝገብ ይለያል እንጂ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መጻፉን አይናገርም። በሁለት ቀበሌ ማሳ ያለው ገበሬ በሁለት ሠራተኞች እጅ ይጻፋል። ያን ጊዜ ስምን ከስም ማስተያየት የተለመደ ነው፤ በአማርኛ ጽሕፈት ግን ይህ እጅግ ያሳስታል። ሀ፥ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን እያንዳንዱ የራሱ ኮድ ያለው ልዩ ፊደል ነው። ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ፥ የመጀመሪያው ፊደል በ2፥ ሁለተኛውም በ6 ዐይነት (ሀ፥ ሃ፥ ሐ፥ ሓ፥ ኀ፥ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል፥ በ12 መልክ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከማስተያየት በፊት በመዝገቡ ቅጂ ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ ያስፈልጋል፤ ዋናው ጽሕፈት ግን አይነካም፤ ሰው ስሙ እርሱ እንደሚጽፈው ሊጻፍለት ይገባልና።

ፊደሉም ከተስተካከለ በኋላ የስም መመሳሰል ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በአንድ ቀበሌ አበበ ከበደ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የአያት ስም፥ ጎጥና የመሬት ይዞታ ደብተር ቍጥር ሊጨመር ይገባል። 12 አሐዝ ያለው የፋይዳ ቍጥር የተሰጠው ገበሬ በእርሱ ይታወቃል፤ ነገር ግን ፋይዳ ሰውን እንጂ ማሳን አይለይም። ባልና ሚስት አንዱን ማሳ በጋራ በያዙበት ቤት አንዱ ሠራተኛ በባል፥ ሌላው በሚስት ስም ቢጽፈው፥ ሁለት ፋይዳና አንድ ማሳ ይሆናል።

አንዱን ማሳ ሁለት ሰዎች የጻፉት መሆኑ ከታወቀ በኋላ፥ ስፋቱ በአንዱ ግማሽ፥ በሌላው 1 ሄክታር ሆኖ ሲገኝ የትኛው ይጽና? አንዳንዱ ፕሮግራም በኋላ የተጻፈውን ይመርጣል። ይህ ደንብ ለቸኰለ ሰው ይመቻል፤ በኋላ የተጻፈ ሁሉ ግን እውነት አይደለም። በኢትዮጵያ ደግሞ የዘመን አቈጣጠሩ ሁለት ስለ ሆነ፥ የትኛው በኋላ እንደ ተጻፈ እንኳ ማሽኑ ሊስት ይችላል። አንዱ ሠራተኛ መስከረም 20 ቀን 2018 ብሎ በእጁ ሲጽፍ፥ የሌላው መሣሪያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2025 ብሎ ቢመዘግብ፥ ይህ ሁለተኛው መስከረም 18 ነውና በሁለት ቀን ይቀድማል፤ ማሽኑ ግን 2018ን ከ2025 አሳንሶ የፊተኛውን ሰባት ዓመት ያረጀ ነው ብሎ ይጥለዋል። ከላይ የተነሣው ፓይለት እንኳ በመሣሪያውም በኮምፒዩተሩም የተለወጠ መዝገብ ሲያገኝ ሁለቱን ጠብቆ ለባለቤቱ ፍርድ ያኖር ነበር። በወረዳም እንዲሁ ሁለቱ ይቀመጡ፤ ገበሬው ይጠየቅ፤ ማሳውም ይለካ። ልዩነቱ ከሐሰት ሳይሆን ከመለኪያ ሊመጣ ይችላል፤ የጥማድ ስፋት ከቦታ ቦታ ይለያያልና ሁሉም ጥማድን ወደ ሄክታር በአንድ ሒሳብ አይለውጠውም።

የተሠረዘም መዝገብ ጥንቃቄ ይሻል። አንዱ ሠራተኛ ከቀበሌው የለቀቀውን ገበሬ ቢሠርዝና በሌላው መሣሪያ የቀድሞው ቅጂ ቢኖር፥ ሲዋሐዱ የተሠረዘው ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ መዝገቡን ከማጥፋት ይልቅ “ተሠርዟል” የሚል ምልክትና ቀኑን መጻፍ ይሻላል።

የየመሣሪያው መዝገብ ከመዋሐዱ በፊት እንዳለ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፤ ከዚያም ይቈጠር። ሦስት መሣሪያዎች 210፥ 185 እና 240 መዝገብ ቢያመጡ ድምሩ 635 ነው፤ ከእነዚህ 18ቱ ድጋሚ ሆነው ከተገኙ በተዋሐደው መዝገብ 617 መገኘት አለበት። 611 የተገኘ እንደ ሆነ ስድስት ገበሬዎች ጠፍተዋል ማለት ነውና፥ ከተቀመጠው ቅጂ በመለያ ቍጥራቸው ተፈልገው እስኪገኙ ድረስ መዝገቡ ወደ ዞን አይላክም።