በአንድ ወንበር ዓለምን ማዳረስ

ሃሪ ካርኒ የታዋቂውን የጃዝ መሪ የዱክ ኤሊንግተንን ኦርኬስትራ ሲቀላቀል ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1927 ነው። በፒያኖ ጀምሮ ወደ ክላርኔት የተሻገረ፣ ከዚያም አልቶ ሳክስፎን ያነሣ የቦስተን ልጅ። ኤሊንግተን ይዞት እንዲሄድ እናቱን ማግባባት ነበረበት። እናትየው እሺ አሉ፤ ልጁም ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ኦርኬስትራ አላማረውም። ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1974 እስኪያርፍ ድረስ ከጎኑ ነበር።

«ዕድለኛ ነዋ፤ በልጅነቱ ጥሩ ቦታ አግኝቶ ተደላደለ» የሚል አይጠፋም። ቦታ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ከ45 ዓመት በላይ ለዚያ ቦታ የሚመጥን ሰው ሆኖ መቆየት ግን ሌላ ነው። ስለ ካርኒ ባሰብኩ ቁጥር ልቤን የሚነካው ይሄ ሁለተኛው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው። ካርኒ ስሙን የተከለበት ባሪቶን ሳክስፎን ትልቅና ከባድ ነው፤ ድምፁም ወፍራም። በዚያ ዘመን ስም የሚያወጡት ክላርኔት፣ አልቶና ቴነር ነበሩ። ባሪቶንን ሳክስፎኒስቶች ሲያስፈልግ ብቻ ያነሡታል እንጂ «እኔ የባሪቶን ሰው ነኝ» የሚል እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ካርኒን ቀድሞት ሄዶ መንገድ ያሳየው የባሪቶን ጌታ አልነበረም። ምን አደረገ? ከጎረቤት ተማረ። ለላይኛው ድምፅ የኮልማን ሆኪንስን ቴነር፣ ለታችኛው ደግሞ የኤድሪያን ሮሊኒን ባስ ሳክስፎን አጥብቆ አዳመጠ። ሁለቱን አዋሕዶ ከእርሱ በፊት ያልተሰማ ድምፅ አወጣ። ከእርሱ በኋላ የመጡት፣ ጄሪ ማሊጋንን የመሰሉት ሳይቀሩ፣ ያ ድምፅ በከፈተው በር ነው የገቡት።

እናንተም በሙያችሁ «የሚያስተምረኝ የለም» ብላችሁ ከሆነ፣ እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የምትፈልጉት ግማሹ አንዱ ዘንድ፣ ግማሹ ሌላው ዘንድ ይኖራል።

በሳክስፎኖቹ ረድፍ አብሮት የሚቀመጠው ጆኒ ሆጅስ የቦስተን ጓደኛው ነው። ሆጅስ አልቶውን ይዞ ሲነሣ አዳራሹ ይቀልጣል። ካርኒ አብዛኛውን ሌሊት ከሥር ሆኖ ኅብረ ድምፁን ይሸከማል። ጎጆን የሚያሳምራት ጉልላቷ ነው፤ የሚያቆማት ምሰሶዋ። ኤሊንግተን ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ዜማ ሲያቀናብር የሚጽፈው «ለባሪቶን» ሳይሆን ለካርኒ ነበር። ሌሎች አቀናባሪዎች ለዚያ መሣሪያ የማይሰጡትን ያልተለመደ ኖታ ለእርሱ ይሰጠዋል። ያ ድምፅ ከወጣ ኦርኬስትራው የኤሊንግተን መሆኑ ይቀራል። «ሮኪን ኢን ሪዝም» በተባለው ሥራ ላይ የካርኒ ስም ከኤሊንግተን ጋር በደራሲነት መስፈሩም ለዚህ ምስክር ነው።

አስቸጋሪ ጊዜም መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትልልቆቹ ባንዶች በየተራ ፈረሱ። እ.ኤ.አ. በ1951 ሆጅስ ራሱ የራሱን ባንድ ሊመራ ወጣ፤ በ1955 ተመለሰ። መውጣት ነውር የለውም፤ አንዳንዴም ግድ ነው። ካርኒ ግን ቆየ፤ ሲቆይም አልዛገም። ባስ ክላርኔት ጨመረ፣ ትንፋሹንም አሠለጠነ።

ስለዚህ ትንፋሽ ትንሽ ላጫውታችሁ። አየሩን ጉንጩ ውስጥ ያቁረዋል፤ በጉንጩ እየገፋ ወደ መሣሪያው ሲያስወጣ፣ በዚያችው ቅጽበት በአፍንጫው አዲስ አየር ይስባል። ድምፁ አይቋረጥም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «ሶፊስቲኬትድ ሌዲ» የተባለውን ዜማ ሲጫወት የመጨረሻዋን ኖታ በዚህ ዘዴ ይዞ አልለቅም ይላል፤ ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ እርሱ አሁንም ይዟታል። ይህ በአንድ ሌሊት የሚመጣ ችሎታ አይደለም። ማንም በማያይበት ክፍል ውስጥ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ታማኝነቱ ከመድረክም ያልፍ ነበር። ባንዱ በአውቶቡስ ሲጓዝ ኤሊንግተን ለዓመታት የተጓዘው በካርኒ መኪና ነው። ካርኒ ይነዳል፤ ኤሊንግተን ከጎኑ ተቀምጦ መንገድ ያመላክታል፣ ሲመጣለትም ዜማ ይጽፋል።

ይህ መንገድ አዲስ አበባንም ነክቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ፣ በእኛ 1966 ዓ.ም.፣ ኦርኬስትራው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ጃንሆይ ለኤሊንግተን ኒሻን ሸለሙት፤ ወጣቱ ሙላቱ አስታጥቄም ለኦርኬስትራው ሙዚቃ አቀናበረ። ያኔ ካርኒ የ63 ዓመት ሰው ነው፤ በ17 ዓመቱ የገባበት ኦርኬስትራ ውስጥ።

ከኤሊንግተን ሞት በኋላ ካርኒ ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1974 አረፈ። ዓመቱ ሳያልቅ የቻርልስ ሚንገስ ባንድ በስሙ የተሰየመ ሙዚቃ ቀረጸለት።

ስማችሁ ቀድሞ በማይጠራበት ቦታ የምትለፉ ሁሉ፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ ካርኒ «ሶፊስቲኬትድ ሌዲ»ን በመድረክ ሲጫወት ፈልጋችሁ አዳምጡ፤ እስከ መጨረሻዋ ኖታ ድረስ። ነገ ጠዋት ደግሞ ማንም የማይሻማባችሁን ያንን ሥራ አንሡና ከእናንተ ሌላ ማንም እንደዚያ ሊሠራው እስከማይችል ድረስ ሥሩት።