የመኪና ቴፕ ሲቀየር የመጀመሪያው ብር የት ይውላል?

ከቡሬ በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ አይሱዙ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ሁሉ መንገድ የጋቢናው ወግ አጫዋች ቴፑ ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በየወረዳው በሚመላለሰው ሚኒባስም ተሳፋሪው ዜናና ሙዚቃ ይጠብቃል።

ሆኖም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተወዷል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመቀየር ይልቅ ቅደም ተከተል ማውጣት ያዋጣል።

መጀመሪያ ቮልቱ ይታይ

አብዛኞቹ አይሱዙ የጭነት መኪናዎች የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው። ይህም የሚገኘው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው ነው። በገበያ በብዛት የሚገኘው ቴፕ ግን ባለ 12 ቮልት በመሆኑ ኮንቨርተር ያስፈልገዋል።

ይህን ወጪ ለማዳን ከአንዱ ባትሪ ብቻ መስመር የሚስቡ አሉ። ለጊዜው ይሠራል። ነገር ግን ሁለቱ ባትሪዎች የሚሞሉት በአንድ መስመር ስለሆነ፣ ቴፑ የሚመጠው ባትሪ ሳይሞላ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ ይሞላና ውኃው ይደርቃል። መጨረሻው ሁለቱንም መጣል ነው። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ኪሳራው ግን በባትሪ አያበቃም፤ ጠዋት አልነሳም ያለ መኪና የዕለቱን ጭነት ያሳጣል።

በቴፑ ጀርባ ያለው ፊውዝ 10 አምፔር ከሆነ፣ ኮንቨርተሩም ያለማቋረጥ ከዚያ የማያንስ የሚሰጥ መሆን አለበት። የሚኒባስ ባለንብረት ግን መኪናው በአብዛኛው ባለ 12 ቮልት ስለሆነ ይህ ወጪ የለበትም። ጥርጣሬ ካለ ኤሌክትሪሺያኑ በቴስተር ይለካ።

ስፒከር ከአምፕሊፋየር ይቀድማል

በካርቶኑ ላይ "50 ዋት በ4" ተብሎ የሚጻፈው የቅጽበት ጣሪያ ነው። ቴፑ ያለማቋረጥ የሚሰጠው በእያንዳንዱ መስመር ከ20 ዋት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ገዢው ከዋቱ ይልቅ የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲ መጠየቅ ይገባዋል። 92 ዲሲቤል የሆነ ስፒከር፣ 89 ዲሲቤል የሆነው በሙሉ ኃይል የሚያወጣውን ድምፅ በግማሽ ኃይል ያወጣል። ይህ አምፕሊፋየር ሳይገዙ ኃይልን በእጥፍ እንደማሳደግ ይቆጠራል። ስፒከሩ በበሩ ላይ በጎማ ታሽጎ ሲታሰር ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ይጠነክራል፤ ለዚህ የሚወጣው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቴፑ ራሱ ሲቀየር ፍላሽ የሚቀበለው ይመረጣል። የገጠር ፒስታ መንገድ አቧራና መንገጭገጭ የሲዲ ማጫወቻን ሌንስ ይጎዳል፤ ፍላሽ ግን የሚሽከረከር አካል የለውም።

አምፕሊፋየርና ባስ የመጨረሻ ናቸው። በባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ትልቅ ኮንቨርተር ስለሚጠይቁ ዋጋቸው በካርቶናቸው ላይ ያለው ብቻ አይደለም። የግድ ከሆነም ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይግባ፤ አለዚያ የተላጠ ሽቦ እሳት ያስነሳል።

ትምህርቱ ለሻጩም ይሠራል። ለአይሱዙ ደንበኛ ቴፕና ኮንቨርተር አንድ ላይ የሚያቀርብ ነጋዴ ሁለት ዕቃ ይሸጣል፤ የተቃጠለ ቴፕ ይዞ የሚመለስ ደንበኛም አይገጥመውም።