ተቋራጩ ሲቀየር ዕዳው የማን ነው?

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር የለንም፤ ተሸጦ ስላልተከፈለ ዕቃ እናወራለን። የሲሚንቶ፣ የፌሮና የጠጠር ነጋዴዎችን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። መጋዘን ወይም የቡና ማጠቢያ የምታስገነቡ ዩኒየኖችንም ይመለከታል።

👉 ነገሩ እንዲህ ነው

ለምሳሌ አንድ ዩኒየን መጋዘን ያስገነባል እንበል። ተቋራጩ ከነጋዴ የ4 ሚሊዮን ብር ሲሚንቶና ፌሮ በዱቤ ወሰደ። ሥራው ግማሽ ላይ ቆመ። ዩኒየኑ ከተቋራጩ ጋር ተለያየና ቀሪውን ሥራ ለሌላ ተቋራጭ ሰጠ። ነጋዴው ሳይት ድረስ ሲሄድ አዲሱ ተቋራጭ «እኔ የወሰድኩት ዕቃ የለም» ይለዋል። ዩኒየኑ «ካንተ ጋር ውል የለንም» ይለዋል። የቀድሞው ደግሞ «ሥራውን የወሰደው ይክፈልህ» ይላል። ሲሚንቶው ግድግዳ ሆኗል፣ ብሩ ግን የለም።

ማን ነው ልክ? አዲሱ ተቋራጭና ዩኒየኑ ልክ ናቸው፤ የቀድሞው አይደለም። ውል የሚያስረው የተዋዋሉትን ነው። ሥራው ወደ ሌላ ሰው ስለተላለፈ ብቻ ዕዳው ተከትሎ አይሄድም። የቀድሞው ተቋራጭ ሥራውን ቢለቅም ዕዳው አይለቀውም።

👉 የሚምታቱ ሦስት ነገሮች

በገበያው ላይ «ዕዳው ዞሯል» ሲባል ከሦስቱ አንዱን ማለት ነው። ሕጉ ግን ለየብቻ ነው የሚያያቸው።

1. ግዴታን መተካት። ነገረ ፈጆች ኖቬሽን የሚሉት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1826 እስከ 1830 ይገኛል። የድሮው ግዴታ ይጠፋና በጉዳዩ ወይም በዓይነቱ የተለየ አዲስ ግዴታ ይተካል። ለምሳሌ «በብሩ ፈንታ ገልባጭ መኪና አስረክብሃለሁ» ብለው ቢስማሙ። ግን የድሮውን ለማጥፋት መፈለጋቸው የማያጠራጥር መሆን አለበት። ያለውን ዕዳ ለማረጋገጥ አዲስ ወረቀት መፈራረም ብቻውን መተካት አይባልም። ልብ በሉ፦ የድሮው ዕዳ ከጠፋ፣ በግልጽ ስምምነት ካልቀጠለ በቀር ለእሱ የተሰጠው ዋስትናም አብሮ ይሄዳል።

2. ሌላ ከፋይ ማምጣት። ከቁጥር 1976 ጀምሮ ነው። አዲሱ ተቋራጭ «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ይፈርማል። ባለገንዘቡ በግልጽ ካልለቀቀው ግን የመጀመሪያው ባለዕዳ ነፃ አይወጣም። ይሄ ለአቅራቢው ጥሩ ነው፤ ከአንድ ከፋይ ወደ ሁለት ከፋይ ያደርሰዋል።

3. መብትን ማስተላለፍ። ከቁጥር 1962 ጀምሮ ነው። ተቋራጩ ከዩኒየኑ የሚጠብቀውን ክፍያ ለነጋዴው ያስተላልፋል። ሕግ፣ ውሉ ወይም የጉዳዩ ባሕርይ ካልከለከለ የዩኒየኑ ፈቃድ አያስፈልግም። ብዙ የግንባታ ውሎች ግን ይከለክላሉና አስቀድማችሁ አንብቡ። ዩኒየኑ ማስተላለፉን ሳያውቅ ለተቋራጩ ከከፈለ ደግሞ ተገላገለ፤ ስለዚህ በጽሑፍ አሳውቁ።

👉 አደጋው የት ላይ ነው?

አደጋው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከቀድሞው ተቋራጭ ምንም አልጠይቅም»። ይህን የፈረመ አቅራቢ አዲሱ ከፋይ ኪሱ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ወደ ኋላ መመለስ ይቸግረዋል። የአዲሱ ፊርማ በእጃችሁ ሳይገባ፣ ቢገባም ገንዘቡ ሳይከፈል፣ የድሮውን አትልቀቁ።

👉 የመዘግየት ዋጋ

በውል ሌላ ካልተባለ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ4 ሚሊዮን ብር ላይ 360 ሺህ ብር ማለት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ መድረሱን አስታውሱ። ከዚያ በፊት በዱቤ ፌሮ የሸጠ ሰው፣ በ9 በመቶ ወለድ ያንኑ ፌሮ መልሶ መግዛት አይችልም። ስለዚህ ወለዱን በውላችሁ ላይ አስቀምጡ፤ በወለድ ብቻም አትጽናኑ።

👉 ምን እናድርግ?

አቅራቢዎች፦
✅ በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ ቀን፣ መጠን፣ ዋጋና የተረካቢውን ፊርማ ያዙ።
✅ ተቋራጩ ሊለቅ ነው ሲባል የዕዳ ማመኛ በጽሑፍ ተቀበሉ። የይርጋውን ጊዜም እንደ አዲስ ያስቆጥራል። ጠቅላላው ይርጋ 10 ዓመት ነው።
✅ ተቋራጩ ከአሠሪው ያልተቀበለው ክፍያ ካለ፣ እንዲታገድላችሁ ፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚቻል እወቁ።

ዩኒየኖች፦
✅ «አይዟችሁ፣ እኛ እንከፍላለን» ብላችሁ በቃል አትናገሩ፤ አንድን ዕቃ ሁለቴ ወደ መክፈል ይወስዳል።
✅ መክፈል ካለባችሁ በሦስትዮሽ ስምምነት ይሁን፦ ለአቅራቢው በቀጥታ ትከፍላላችሁ፣ ያው መጠን ከተቋራጩ የክፍያ ሰርተፍኬት ይቀነሳል፣ ሦስቱም ይፈርማሉ።
✅ የመጨረሻ ክፍያና የተያዘ ገንዘብ ከመልቀቃችሁ በፊት ያልተከፈሉ አቅራቢዎችን ዝርዝር ጠይቁ። ይህን በመጀመሪያው ውል ላይ አስገቡት።

ይሄ ትምህርት ለግንባታ ብቻ አይደለም። ቡና ወይም ሰሊጥ በዱቤ የሰጣችሁት ላኪ «ድርጅቱን ሌላ ሰው ይዞታል» ሲላችሁም መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ያው ነው፦ ዕዳውን ማን ፈረመ? የድሮውንስ ማን ለቀቀው?

ጉዳያችሁ ከፍ ያለ ገንዘብ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ለጠበቃ አሳዩ። ጥያቄያችሁን ከታች ጻፉልን። መልካም ገበያ።