ከባጃጅ ጎማና ከተጣለ ፓምፕ የድንጋይ ማለስለሻ

የመጀመሪያው ማሽኔ ዕድሜው ሦስት ቀን ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ገመዱን ከሶኬቱ ነቅሎ፣ ከነጎማው ወደ በሩ ተጉዞ፣ በጎኑ ተጋድሞ አገኘሁት። ለማናወጫ ያሰርኩበት ብረት ደግሞ የግድግዳውን ቆርቆሮ በስቶ ጎረቤት ግቢ ገብቷል። እንሰት ሥር ነበር። ሰው አልነካም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው እናንተም እንሰት ሥር ብረት ስትፈልጉ እንዳትውሉ ነው።

የማሽኑ ነገር ሲታይ ቀላል ነው። ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ድንጋይ፣ የሚሞርድ ዱቄትና ጥቂት ውኃ ይገባል። ከሥሩ ያለው ሞተር ሲያንቀጠቅጠው ድንጋዮቹ እርስ በርስ እየተሻሹ ይለሰልሳሉ። እንደ በርሜል የሚሽከረከር ዓይነትም አለ፤ ለባልጩት ግን አልወደውም። ባልጩት የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው። በርሜል ውስጥ ከላይ ወደ ታች በወደቀ ቁጥር ጠርዙ ይሸረፋል፤ ፊቱ ላይም ትንንሽ ነጭ ቁስል ይቀራል። የሚያንቀጠቅጠው ያሻል እንጂ አይጥልም። ጉድለቱ ቅርጽ አለማውጣቱ ነው፤ ሹል ያስገባችሁትን ሹል አድርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ወንዝ ቀድሞ ያሸውን ድንጋይ ልቀሙ። ወልቂጤ ያላችሁ ዋቤ አለላችሁ፣ ቡታጅራ ያላችሁ መቂ፤ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲጎድል አሸዋው ዳር መዞር ነው።

ስለ ባልጩት አንድ አደራ አለኝ። መልካ ቁንጥሬ አጠገብ ያለችው ባልጪት ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ድንጋይ ነው፤ ጥቁሩ ስባሪ መሬቱ ላይ ተነስንሶ ይታያል። ያ ስባሪ ግን የሰው እጅ ያረፈበት ነው። በዚያ አካባቢ ባልጩት መጠረብ ከጀመረ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቦታውም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከዚያም ሆነ ከጢያ ዙሪያ ጠጠር እንዳታነሱ። ጓንትም አድርጉ። በጉራጌ የቆዳ ሥራ ባለሙያዎች ቆዳ ይፍቁ የነበረው በዚሁ ድንጋይ ስለት ነው፤ የሰው ጣት ለእሱ ምንም አይደለም።

ቡታጅራ ዙሪያ የሞላውን ቀይ አሽ አትሞክሩት። ቀዳዳው ሁሉ ዱቄት ይይዝና ወደሚቀጥለው ደረጃ ይዞት ይሄዳል፤ በአንድ ፍሬ ቀይ አሽ ምክንያት አምስት ኪሎ ድንጋይ እንደገና ከመጀመሪያው ዱቄት ጀምሬያለሁ። የደላንታ ኦፓል ያላችሁም እዚህ ውስጥ አትክተቱት፤ አብዛኛው ውኃ የሚጠጣ ስለሆነ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅም ሊሰነጠቅ ይችላል። ደግሞ ለስላሳና ጠንካራ አትቀላቅሉ። የባልጩት ጥንካሬ 5 ወይም 5.5 ነው፣ የአጌት እስከ 7፤ አንድ ላይ ከገቡ አጌቱ ባልጩቱን ይበላዋል።

ሞተር ፍለጋ ሱቅ አትግቡ። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያለው፣ ሰው ለሮቶ የሚያስገባው ዓይነት የውኃ ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚጣለው ውኃ ገፊው በደለል ስለተበላ ነው፤ ሞተሩ ደህና ነው። ቁራሌው ጋ በኪሎ ይሸጣል። ዘንጉን በእጃችሁ አሽከርክሩት፤ ካልጎረበጠና ወደ ጎን ካልተንቀሳቀሰ ያዙት። የቬንቲሌተር ሞተር ግን ተዉ። ዘንጉ የተቀመጠው በኩሽኔታ ላይ ስላልሆነ የጎን ግፊት አይችልም፤ የእኔ በሳምንቱ ጮኸ።

ገንዳው ያረጀ የባጃጅ ጎማ ነው። ጎሚስታው ዘንድ በነፃ ይገኛል፣ ውስጡ ከመጀመሪያውም ጎማ የለበሰ ነው፣ ክብነቱም ድንጋዩን ለማዞር የተሠራ ይመስላል። ጎማውን በ3 ሚሊ ሜትር ክብ ላሜራ ላይ አስተኙት፤ በመሐላቸው የተቀደደ ካላማዳሪ አንጥፉና በስድስት ብሎንና በሰፋፊ ሮንዴላ አጥብቁት። መሐል ላይ ካላማዳሪ የተጠቀለለ የወተት ጣሳ አቁሙ፤ ድንጋዩ በዙሪያው ይዞራል። ሞተሩ ከላሜራው ሥር፣ ዘንጉ ወደ መሬት ዞሮ፣ በተበየደ አንጎላሬ ላይ ይታሰራል። ማራገቢያው ያለበት ጀርባ ላሜራውን እንዳይነካ አራት ጣት ያህል ክፍት ተዉለት፤ አየር ካላገኘ ይቃጠላል። ብሎኖቹ በኩል ውኃ ቢያንጠባጥብ ሞተሩ ላይ እንዳይወርድ ከላይ የጎማ ቆብ አልብሱት። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ገንዳውን ከነሞተሩ ከሥር ባለው የብረት ቋሚ ላይ የሚሸከመው ሞላም ከባድ አይደለም፤ የሚሳሳቱበት ግን ብዙ ናቸው። የሞተር ሳይክል አሞርቲዘር ሞላ ጠንካራ ስለሆነ መንቀጥቀጡን ሁሉ ወለሉ ይወስደዋል። ከተጣለ ሶፋ የወጣ ሞላ ይሻላል፤ አራት ፍሬ፣ ከአንድ ሶፋ። ድንጋዩ ተሞልቶ ሲጫንባቸው አራቱም እኩል ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለባቸው። አንዱ ብቻ ቢለይ ድንጋዩ ወደ አንድ ጥግ ይከማቻል።

አሁን ወደ ማናወጫው ብረት እንምጣ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሞተሩ የሚያንቀጠቅጠው በዘንጉ ጫፍ ላይ ወደ አንድ ጎን ያደላ ብረት ስላለ ነው። እኔ «ክብደት በጨመርኩ ቁጥር ቶሎ ያልቅልኛል» ብዬ 400 ግራም ብረት ከዘንጉ 5 ሴንቲ ሜትር አርቄ አሰርኩ። ሲታይ ምንም አይደለም፤ ሕፃን ያነሣዋል። የፓምፕ ሞተር ግን በደቂቃ 2,850 ጊዜ ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ያ ብረት ዘንጉን ወደ ጎን የሚጎትትበት ኃይል 180 ኪሎ ይደርሳል። ሁለት ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭነት በአንዲት ብሎን ላይ ተንጠልጥሎ ሲሽከረከር አስቡት።

ልክ የሆነው 200 ግራም በ3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም 54 ኪሎ ያህል ይጎትታል። በደቂቃ 1,400 የሚዞር ሞተር ካገኛችሁ ያው ብረት የሚጎትተው 13 ኪሎ ብቻ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን። የሚገርመው፣ ገንዳው ወዲያ ወዲህ የሚሄድበት ርቀት በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ። ዓይናችሁ ብዙም አያየውም፤ አይበቃም ብላችሁ ክብደት እንዳትጨምሩ። ገንዳውን በጣታችሁ ንኩት፤ ጣታችሁ ከደነዘዘ በቂ ነው።

አስተሳሰሩ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። መጀመሪያ ተራ ብሎንና ዳዶ ተጠቀምኩ፤ መንቀጥቀጡ ራሱ ዳዶውን ፈታው፣ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ቀጥሎ ተናድጄ ብረቱን ዘንጉ ላይ በየድኩት። አሁንስ የት ትሄዳለህ! በሁለት ቀን ውስጥ ሞተሩ እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። ፈትቼ ሳየው የኩሽኔታው ኳሶች ተበሳስተዋል፤ ስበይድ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሄደው በእነሱ በኩል ነበር። ዘንግ ላይ በፍጹም አትበይዱ። ቶርኖ ቤት ሂዱና ዘንጉን ልክ የሚይዝ የብረት ቀለበት አስወጡ። ቀለበቱንና ዘንጉን አሳልፎ የሚበሳ ፒን ይምታላችሁ፤ ብረቱ የሚታሰርበት ዳዶ ደግሞ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ይሁን። ከዚያ በኋላም አትመኑት። ብሎኑንና ዳዶውን በቀለም አንድ መስመር አስምሩባቸው፤ በየጠዋቱ መስመሩ ካልተሰበረ ዳዶው አልዞረም ማለት ነው። በማናወጫው ዙሪያ ደግሞ ከወፍራም ቧንቧ የተቆረጠ ቀለበት ከቋሚው ጋር በየዱ፤ ቢበርም እዚያው ይቀራል።

ብረቱ ወደ ታች በራቀ ቁጥር ገንዳው ያዘነብላል፤ ድንጋዩ በውጭው ግድግዳ ወጥቶ በጣሳው በኩል ይሰምጣል። ወደ ሞተሩ ከቀረበ ድንጋዩ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ አይገለበጥም። አንድ ነጭ ድንጋይ ጣሉበትና ተከታተሉት፤ ጠልቆ ተመልሶ ካልወጣ ብረቱን ዝቅ አድርጉ። ስታጠፉት ደግሞ ከመቆሙ በፊት ለሁለት ሰከንድ ያህል እንደ እብድ ይዘላል፤ ሞላዎቹ ራሳቸው በሚወዛወዙበት ፍጥነት ሲያልፍ ነውና አትደንግጡ። ገመዱን ብረት እንዳይነካ ለቀቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ቋሚውንም ከመሬት ሽቦ ጋር አያይዙ።

ሥራው የሚጀምረው በ220 ቁጥር ሲሊኮን ካርባይድ ነው። ለ5 ኪሎ ድንጋይ 4 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ መርካቶ የመፍጫ ድንጋይ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ጠይቁ። ገንዳው እስከ ሦስት አራተኛ ይሙላ፤ ትልልቁን የሚደግፍ ጠጠርም ጨምሩበት። ውኃ ድንጋዩን እንዲያረጥብ ብቻ ነው የሚገባው። ሲሠራ ጭቃው እንደ አጥሚት መሆን አለበት፤ ሾርባ ከሆነ ዱቄቱ ታች ይተኛል፣ ገንፎ ከሆነ ድንጋዩ ይቆማል። በየ12 ሰዓቱ ታጥቦ አዲስ ዱቄት ይገባል። 220 ሦስት ቀን፣ 500 ሁለት ቀን፣ ማብረቂያው ሴሪየም ኦክሳይድ ሁለት ቀን። በደረቁ በፍጹም አታንቀጥቅጡ፤ የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ይበላል።

መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ወዲያው አጥፉ። ጭቃው በሰዓታት ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይረጋል፤ ሌሊት መብራት ሲመጣ ማሽኑ የረጋ ድንጋይ ተሸክሞ ሰው በሌለበት ይነሣል። እኔ አሁን ቀን ቀን ብቻ ነው የማስነሣው፤ ጎረቤቱም ይተኛል። ጭቃውን ቱቦ ውስጥ አትድፉ፣ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሩለት።

ከ500 ወደ ማብረቂያው ስትሻገሩ ጎማውን፣ ጣሳውን፣ የብሎኖቹን ሥር በጥርስ ብሩሽ እጠቡ። እኔ እዚህ ላይ ከሌላው የምለይበት ነገር አለኝ፤ በየደረጃው መሐል የተፈቀፈቀ የገላ ሳሙና በውኃ ጨምሬ አንድ ሰዓት አስኬደዋለሁ። አረፋው ብሩሽ ያልደረሰበትን ዱቄት ይዞ ይወጣል። ከማብረቂያው በኋላም ይኸንኑ እደግመዋለሁ።

ውጤቱን ርጥብ ሳለ አትዩት፤ ርጥብ ድንጋይ ያታልላል። በጨርቅ አድርቁና ወደ መስኮት ያዙት። ባልጩቱ ላይ የመስኮቱ ፍሬም ጥርት ብሎ ከታየ አውጡት። ግራጫ ጭጋግ ካለበት ሴሪየም አትጨምሩ፤ ጭጋጉ የ220 ጭረት ነውና ወደ 500 መልሱት።